ዩናይትድ ሐምሌ ላይ ሲሸነፍ ድሬ ውስጥ ባጃጅ እንዴት ይነዳል?

ባጃጄ ከኋላዋ የማንችስተር ዩናይትድ ዓርማ አለባት። ትልቅ፣ ቀይ፣ ከሩቅ የምትታይ። ያስለጠፍኳት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ሐምሌ በመጣ ቁጥር ከሳቢያን ከዚራ የምጭነው ሰው ሁሉ ተንታኝ ሆኖ ይሳፈራል። ገና ሳይቀመጥ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ይለኛል። ውጤቱን ከኔ ቀድሞ ያውቀዋል እኮ!

ፕሪ ሲዝን ነው፣ ሊጉ ሳይጀመር የሚደረግ የዝግጅት ጨዋታ፤ ነጥብ የለውም፣ ዋንጫ የለውም። ግን ያማል አቦ። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ሐምሌ አሳልፌያለሁ፤ እንዴት እንደሚታለፍ ትንሽ ተምሬያለሁ። የአርሴናልም የቼልሲም ደጋፊ ቢያነበው አልከፋም፤ ተራው ይደርሰዋል።

መጀመሪያ እንቅልፍህን አትርፍ። በ2016 ሐምሌ ዩናይትድ ከአርሴናል ጋር ሎስ አንጀለስ ሲጫወት እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ድሬ ቀን ሙሉ ስትጠብስህ ውላ ትንሽ የምትምርህ በዚያ ሰዓት ነው። ያችን ሰዓት ሸጬ፣ ግቢ ውስጥ ካወጣሁት አልጋ ላይ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ አየሁ። 2 ለ 1 ተሸነፍን። 12 ሰዓት ላይ ሥራ ወጣሁ። ረፋድ ላይ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አንዲት እናት በጃንጥላቸው ጫፍ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገው «ልጄ፣ ታመሃል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አባቴ በዚህ ነገር ከኔ ይሻላል። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ከቤት በእግሩ እየሄደ ነው ያየው። የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር እዚህ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች፤ ሞሮኮ ደግሞ ከዚህ ተነስታ ዋንጫውን ወሰደች። «እኔ እውነተኛውን ዋንጫ በእግሬ ሄጄ አይቻለሁ። ለፈረንጅ ልምምድ ሌሊት አልነሳም» ይላል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ተኛ። ግቦቹ ጠዋት ስልክህ ላይ ይጠብቁሃል።

ጠዋት ውጤቱን ስታይ ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ አትክፈት። ከከፈትክም አትጻፍ። በድምፅ ደግሞ በጭራሽ! እኔ አንዴ በንዴት የአርባ ሰከንድ ድምፅ ልኬ «ይሄ አሰልጣኝ ዛሬ ካልተባረረ ድጋፍ አቁሜያለሁ» አልኩ። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ሳይቀር ያጫውቱብኛል።

አሁን ዋናው ሥራ። ውጤቱን ለጊዜው ተወውና አሰላለፉን ፈልግ። ማን ገባ? ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ማን የለም? በዚያው ሐምሌ፣ ገና በ8ኛው ቀን፣ ዩናይትድ ኖርዌይ ሄዶ በሮዘንቦርግ 1 ለ 0 ተሸንፏል። በባከነ ሰዓት። የጫንኩት ሁሉ ሳቀብኝ፤ «ሮዘንቦርግ ማነው?» እያለ። እኔም መጀመሪያ አፈርኩ። ቆይቼ ነው ያሰብኩት። የኖርዌይ ሊግ የሚጀምረው በጸደይ ነው። ሐምሌ ላይ እነሱ ውድድራቸው መሀል ናቸው፤ እግራቸው ሞቋል። የኛዎቹ ከባሕር ዳርቻ እረፍት ተመልሰው የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነበር። ያውም የአውሮፓ ዋንጫና የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ የተደረገው በዋዜማው ነው። ሜይኑና ሾ ከእንግሊዝ ጋር፣ ሊሳንድሮና ጋርናቾ ከአርጀንቲና ጋር ነበሩ። ሜዳ ላይ የነበረው ግማሹ ልጅ ነው።

ሰውነትም አለ። በዚህ ሰሞን አሰልጣኞች ተጫዋቹን በቀን ሁለቴ ያስሮጡታል። ጠዋት ተራራ የወጣ ሰው ማታ ኳስ ቢጫወት እግሩ እርሳስ ይሆናል። ሆን ተብሎ ነው፤ ትንፋሹ የሚፈለገው ነሐሴ ላይ እንጂ ሐምሌ ላይ አይደለም። ከእረፍት በኋላ አሥር ሰው ባንዴ ሲቀየር ካየህ ደግሞ የሁለተኛውን አጋማሽ ውጤት ከነጭራሹ እርሳው። ያ ሌላ ቡድን ነው።

ልታይ የሚገባህ ምንድነው? እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። ኳስ ስንነጠቅ ስንት ሰው ወደ ኋላ ይሮጣል? በረኛው ኳሱን ለማን ይሰጣል? ሦስተኛውና ትልቁ፣ ማን እያነከሰ ወጣ? ያ የአርሴናል ጨዋታ ሁሉም የሚያስታውሰው 2 ለ 1 ብሎ ነው። እውነተኛው ሽንፈት ግን ዮሮ ነው። ገና አዲስ የተገዛ ተከላካይ፣ በዚያ ሌሊት እግሩን ተጎዳ። ለዩናይትድ ሲጫወት ያየነው ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። አጥቂው ሆይሉንድም በዚያው ጨዋታ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ቀን ብትናደድ አልፈርድብህም። እኔ ራሴ ምሳ አልበላሁም።

ተሳፋሪ ሲያፌዝብህ ደግሞ ባዶ እጅህን አትሁን። ሁለት ታሪክ በቃልህ ያዝ። አንዱ የሊቨርፑል ነው። በ2011 ሐምሌ በዶርትሙንድ ተሸነፉ፣ በሲቪያ ተሸነፉ፣ በናፖሊ ደግሞ 3 ለ 0። ሳላህ፣ ማኔና ፊርሚኖ ከብሔራዊ ቡድን መልስ እረፍት ላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ምን ሆነ? 99 ነጥብ! ለ30 ዓመት ያጡትን ሊግ በሉት።

ሌላው የኛው ነው፤ ስናገረው ያመኛል። በ2006 ክረምት አሰልጣኝ ቫንኻል መጣ። ሎስ አንጀለስ ጋላክሲን 7 ለ 0። ሚሺጋን ላይ 109,318 ሰው እያየ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1። ሊቨርፑልን 3 ለ 1። ያን ክረምት የሚያሸንፈን ጠፋ። እኔ ድሬን ሙሉ በነጻ ልጭን ምንም አልቀረኝም ነበር። ነሐሴ 10 ሊጉ ተጀመረ፤ ስዋንሲ መጥቶ በሜዳችን 2 ለ 1 አሸነፈን። ከአሥር ቀን በኋላ ኤምኬ ዶንስ የሚባል በሁለት ሊግ ከኛ በታች ያለ ቡድን 4 ለ 0 አደረገን። ይኸው ነው የሐምሌ ድል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ታሪኩ መልሶ ይነክሳል። በ2016 ሐምሌ 28 ሌሊት ደቡብ ካሮላይና ላይ ሊቨርፑል 3 ለ 0 አሸነፈን። እኔ ለአንድ አስተማሪ ደንበኛዬ ከሳቢያን እስከ ለገሃር የናፖሊን ታሪክ ተረክሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ነሐሴ 26 ሊቨርፑል ሜዳችን ኦልድ ትራፎርድ መጣ። 3 ለ 0! ያው ውጤት። በማግስቱ ሰውዬው ገባና ተቀመጠ። ምንም አላለም። ሲወርድ ብቻ «ናፖሊን ሰላም በልልኝ» አለኝ። ዓመቱን 15ኛ ሆነን ጨረስን። ስለዚህ «ፕሪ ሲዝን ምንም አይናገርም» ብለህ በእርግጠኝነት አትማል። አንዳንዴ ይናገራል። የሚናገረው ግን በውጤቱ ሳይሆን ያልኩህን ሦስት ነገር በማየት ነው። ያን ሌሊት ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። አይቼዋለሁ፤ ማመን አልፈለግኩም እንጂ።

በርጫ ላይ ስለሚደረገው ዝውውር ብዙ አልልም። ከሰዓት ድሬ ስትግል ተሳፋሪ የለም፤ ሰብሰብ ይባላል። ምርቃናው ሲመጣ ዩናይትድ በሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት አማካይ ያስፈርማል። ማታ ሁሉም ይሸጣሉ። ችግር የለውም፣ ገንዘቡ የኛ አይደለም። ብቻ በዚያ ሰዓት አትወራረድ። እኔ ሮዘንቦርግን እንደምናሸንፍ ተወራርጄ ለአራት ሰው ሻሂና ሳምቡሳ ከፍያለሁ። አንዱ ሦስት ሳምቡሳ ነው የበላው፣ ያውም እየሳቀ።

ማልያውን በማግስቱ ልበሰው። ይሄ ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከደበቅከው አለቀልህ፤ ሰፈሩ ያሸትሃል። ለብሰህ ስትወጣ ግን የሚሰድብህም ትንሽ ይደክመዋል። አንድ ሰሞን ዓርማዬን ከባጃጇ ልልጥ ብዬ ግማሹን አንስቼው ነበር። ዓርማው ላይ ያለው ቀይ ሰይጣን ጦሩን ይዞ ጭንቅላት አልባ ቀረ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ይሄ ምን ቡድን ነው?» ሲሉኝ ሰነበቱ። ከስድቡ የባሰ ነው። ሄጄ በአዲስ አስለጠፍኩ።

የኛዎቹ ብርቱካናማዎቹ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ በዝግጅት ጨዋታ ሲሸነፉ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እነሱን ሩቅ ሆነህ አታያቸውም። ተከላካዩን ነገ ባጃጅህ ላይ ልትጭነው ትችላለህ። ያኔ ሒሳቡን ትቀበላለህ፣ «በርታ ወንድሜ» ትላለህ፣ በቃ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ምክሬን ራሴ ጥሼ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። ባጃጇን ቀስ ብዬ ገፍቼ ላወጣት ስል የአባቴ መስኮት ተከፈተ።

«ስንት ለስንት?» አለኝ።

«አባባ፣ ልምምድ ነው ትል የለ?»

«አውቃለሁ። ስንት ለስንት?»