ኩሽኔታው ቤቱ አልገባ ሲል፦ ለውሃ ፓምፕ ጠጋኞች

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሮቶው ፓምፕ ሲቆም የቤቱ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቃችን የሚመጡት ፓምፖች ብዙዎቹ ሲጮሁ ከርመው ነው የሚመጡት። ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኩሽኔታ፣ የሞተሩ ዘንግ ከሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት ነው። አሮጌውን ነቅሎ አዲስ መግጠም ቀላል ይመስላል። ከዚያ አዲሱ ኩሽኔታ የቤቱ፣ ማለትም የሚቀመጥበት ክብ ጎድጓዳ፣ አፍ ላይ ይቆምና አልገባ ይላል። ሰው ማርቴሎ የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው።

እባካችሁ ቶሎ አታንሱ። ቤቱ የጠበበው በምክንያት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተመታ ኩሽኔታ ገና ሥራ ሳይጀምር ይበላሻል።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚው) ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል ሳታራግፉት እጃችሁን አትስደዱ።

ምን ያህል መጥበቅ አለበት?

ኩሽኔታው ሁለት ቦታ ላይ ይቀመጣል። የውስጡ ቀለበት ሻፍቱ (ዘንጉ) ላይ ነው፤ እዚያ ጠበቅ ማለት አለበት። የውጪው ቀለበት የሞተሩ ክዳን ውስጥ ባለው ቤት ነው፤ እዚያ በእጅ ግፊት፣ ቢበዛ በቀላል ምት መግባት አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ ሻፍቱ ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ከሁለቱ ኩሽኔታዎች አንዱ ቤቱ ውስጥ ጥቂት መንሸራተት መቻል አለበት። ቤቱ ስር እንደ ሞገድ የተጣመመች ስስ ሮንዴላ ካያችሁ ሥራዋ ይህንኑ ኩሽኔታ በቀስታ መግፋት ነው። ጥላችኋት እንዳትገጥሙ።

ምልክት፦ አፉ ላይ ይቆማል፣ ጭራሽ አይጀምርም

ከሚገጥሙኝ ሁሉ በብዛት የማየው ይህን ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ቆሻሻ ነው። የፓምፑ ሲል (ውሃ ማገጃው) ሲያፈስ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይደርሳል፤ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱ ይጋገርና ቤቱን ያጠባል። በነጭ ጋዝ አርሱት፣ በድስት ማጠቢያ ሽቦ በቀስታ እሹት፣ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት። ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ሲሉን ሳትቀይሩ ከገጠማችሁት ግን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ከጸዳ በኋላም እምቢ ካለ የጣታችሁን ጥፍር ቤቱ ውስጥ ዙሪያውን አስኪዱት። ዓይን የማያየውን ጥፍር ያገኘዋል። የሆነ ቦታ ላይ ቀጭ ካለ እዚያ ጋ ብረቱ ተነስቷል ማለት ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ በካቻቢቴ የፈነቀለ ሰው ጠርዙን ቧጥጦት ሊሆን ይችላል።

የባሰ ነገርም አለ። ቤቱ ከዚህ በፊት ሰፍቶ ነበር እንበል። ያኔ የጠገነው ሰው እንዲጠብቅለት ብሎ ውስጡን በሹል ብረት ነጥብ በነጥብ መትቶታል። እያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያውን ትንሽ ከንፈር ያወጣል። አሮጌው ኩሽኔታ በእነዚህ ከንፈሮች ተይዞ ኖረ። አዲሱ ሲመጣ እነሱው ከለከሉት።

መፍትሄው ማርከር ነው። የቤቱን ውስጥ በሙሉ በጥቁር ማርከር ቀቡት። ኩሽኔታውን ቀጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት፣ መልሳችሁ አውጡት። ቀለሙ የተላጠበትና ብረቱ ያብለጨለጨበት ቦታ የሚነካው ቦታ ነው። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጣታችሁ ጫፍ ይዛችሁ ያንን ነጥብ ብቻ ንኩት። እንደገና ቀቡ፣ እንደገና ሞክሩ። ሦስት አራት ጊዜ ያስኬዳል፤ ይህ ትዕግሥት ያዋጣል። ዙሪያውን በሙሉ የምትፍቁት ከሆነ ግን ክቡን ታበላሹታላችሁ። ቤቱ ከሰፋ የውጪው ቀለበት አብሮ መዞር ይጀምራል፤ አልሙኒየሙን እየበላ ይሄዳል። እንደኔ ከሆነ ከጠበበ ቤት ይልቅ የሰፋ ቤት ያስፈራኛል።

ከንፈሮቹ ተፍቀው ሲጠፉ ኩሽኔታው ጭራሽ ከላላ እውነቱ ወጣ ማለት ነው። ቤቱ ድሮም አልቆ ነበር። ክፍተቱ ጥቂት ከሆነ ለኩሽኔታ ተብሎ የተሠራው ማጣበቂያ ፈሳሽ ይይዘዋል። ብዙ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስፍታችሁ ቦኮላ (የብረት ቀለበት) አስገቡበት። በነጥብ መምታቱን ለማንም አልመክርም።

ምልክት፦ ግማሽ ድረስ ገብቶ ይነክሳል

ጠርዙን ዙሪያውን እዩት። አንዱ ወገን ገብቶ ሌላው ከፍ ካለ ተጣሟል። በላዩ ላይ መምታት ይበልጥ ያጣምመዋል። አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ቀጥ አድርጎ ለማስገባት ረጅም ቡሎን፣ ዳዶና ሁለት ወፍራም ሮንዴላ ይበቃል። ዳዶውን ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቃችሁ ትስቡታላችሁ። ሞርሳ ካላችሁም ጥሩ ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ አትጣሉት፤ የውጪውን ጠርዝ በሞላ ትንሽ ካሳነሳችሁት አዲሱን መግፊያ ይሆናል።

ሙቀትም አጋዥ ነው። ክዳኑን ገላጣውን፣ ሽቦና ጎማ የሌለበትን፣ የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ይበቃል። 40 ሚሊ ስፋት ያለው የአልሙኒየም ቤት በዚህ ሙቀት ወደ 0.06 ሚሊ ይሰፋል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ክዳኑን አውጥታችሁ ቶሎ አድርቁት፤ ኩሽኔታው ብዙ ጊዜ በእጅ ግፊት ጥልቅ ይላል። ላስቲክ ክዳን ያለውን ኩሽኔታ ራሱን ለሻፍት ስታሞቁ ግን ከ80 ዲግሪ አትለፉ፣ ፌስታል ውስጥ አሽጉትና ውሃ አታስነኩት። በእሳት ነበልባል አይሞከርም።

ምልክት፦ ቤቱ ንጹህ ነው፣ ቀጥ ብሏል፣ ግን አይገባም

ለኩት። ላዩ ላይ 6203 የሚል ኩሽኔታ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ነው። 6202 ደግሞ 15፣ 35 እና 11። በትክክል የተሠራ ኩሽኔታ ውጪው ከተባለው ልክ አይበልጥም፤ ቢያንስ እንጂ። ካሊፐራችሁ 40.05 ካለ ዕቃው አይረባም። መርካቶ ተመልሳችሁ ቀይሩት፤ ቤቱን ለመጥፎ ዕቃ ብላችሁ አትፋቁ። ሻፍቱ ላይ አልገባ ካለ ደግሞ ውስጡን ለኩ። በ6203 ስም የሚሸጥ ግን ውስጡ በኢንች የተሠራ፣ 15.875 ሚሊ የሆነ አለ። እሱን 17 ሚሊ ሻፍት ላይ የሚያስገባ ጉልበት የለም።

ምልክት፦ ገብቷል፣ ግን ሲዞር ይከብዳል ወይም ይንገጫገጫል

ከብዶ ለስለስ ብሎ ከዞረ ቤቱ አሁንም ጠባብ ነው። የውጪው ቀለበት ተጨምቆ የኳሶቹን ክፍተት ወስዶባቸዋል። አውጥታችሁ ወደ ማርከሩ ተመለሱ። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ሲ3 የሚል ከነበረበትም በዚያው ቀይሩት፤ ሰፋ ያለ የውስጥ ክፍተት አለው ማለት ነው።

በጣታችሁ ስታዞሩት ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት እናት ፓምፕ አመጡልኝ። ኩሽኔታውን ክዳኑ ውስጥ ያስገባሁት የውስጡን ቀለበት በማርቴሎ እየመታሁ ነበር። ምቱ በኳሶቹ አልፎ ሄደ። ወር ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ይኸው ደግሞ መጮህ ጀመረ» አሉኝ። ፈታሁት። የኳሶቹ መሮጫ ላይ እኩል እኩል የተራራቁ ትናንሽ ጠባሳዎች ነበሩ። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ይህቺን አልረሳም፦ ቤት ውስጥ ስታስገቡ የውጪውን ቀለበት፣ ሻፍት ላይ ስታስገቡ የውስጡን ቀለበት ብቻ ግፉ። ጠባሳ የያዘ መሮጫ አይድንም፤ አዲስ ግዙ።

ሞተሩን ከገጠማችሁ በኋላ ሻፍቱን በእጅ አዙሩት። ሲሉ ትንሽ ይይዘዋል፣ ያ ያለ ነው። የክዳኑን ቡሎኖች ተራ በተራ ሳይሆን በአንጻር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ በየመሀሉም አዙሩት። አንዱን ስታጠብቁ ሻፍቱ ከከበደ ክዳኑ ተጣሟል፤ አላሉትና በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጋችሁ እንደገና አጥብቁ። ከዚያ ፓምፑን በውሃ ሙሉት። ውሃ ሳይኖረው ከተነሳ አዲሱ ሲል ይቃጠላል።