ደረት የወጋ ሁሉ ብርድ አይደለም፣ የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል

እኛ ጎንደር ደረቴን ወጋኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "ብርድ ነው" ወይ "ጨጓራህ ነው" የሚል ነው፣ ዝንጅብል ጠጣና ተሸፋፍነህ ተኛ ይባላል፣ ግን የልብ ሽፋን ከተቆጣ (ሀኪሞች ፔሪካርዳይትስ ይሉታል) በጀርባ መተኛት ራሱ ህመሙን ያባብሰዋል።

ምልክቱ፦ መሀል ደረት ወይ ወደ ግራ በኩል ይወጋል፣ አንዳንዴ እስከ ግራ ትከሻ ድረስ፣ በጥልቀት ስትተነፍሱ ስታስሉና ስትተኙ ይጨምራል፣ ቁጭ ብላችሁ ወደፊት ደፋ ስትሉ ደግሞ ቀለል ይላል፣ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። ህመሙ የሚጫን ከሆነና እጅና መንጋጋ ከያዘ፣ ላብ ካጠመቃችሁ ግን ሃርት አታክ ሊሆን ስለሚችል ቤት ሆናችሁ አትሞክሩት፣ ወዲያው ሂዱ።

ምን አመጣው? ጉንፋን ነገር ካለፈ በኋላ ድንገት ከጀመረ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው። ቀስ እያለ ከመጣ፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የቆየ ሳል ካለ ግን ቲቢን አስቡ፣ በኛ አገር ይሄን መርሳት ያስከፍላል፣ በተለይ ኤችአይቪ ላለበት ሰው። ኩላሊት መድከምና ካንሰርም ያመጡታል።

መፍትሄው ከምርመራ ይጀምራል፦ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ደም፣ የደረት ራጅ። ቫይረስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይቡፕሮፌን 600 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ከምግብ በኋላ ይታዘዛል፣ ኮልቺሲን የሚባል ቁጣ የሚያበርድ መድሀኒት ደግሞ ለ3 ወር፣ እንዳያገረሽ የሚከላከለው እሱ ነውና ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡት። የኩላሊት ህመም ወይ እርግዝና ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጾመኛ ከሆናችሁም ለሀኪሙና ለንስሀ አባታችሁ ንገሩ፣ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ አይቡፕሮፌን መዋጥ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ከፋርማሲ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ) መርፌ ተወግቶ መሄድ የሚባለውን ነገር በጣም ነው የምፈራው፣ ለጊዜው ያስታግስና በሽታው እንዲመላለስ ሊያደርግ ይችላል። ኳስም የጎሃን ዳገት መሮጥም ሀኪም እስኪፈቅድ ይቅር።

ቲቢ ከሆነ ማስታገሻ ብቻውን አይፈታውም፣ የ6 ወር መድሀኒት አለው፣ መንግስት ጤና ተቋም ላይ በነጻ ነው፣ መጨረስ ግድ ነው።

ትንፋሽ ካጠረ፣ የአንገት ደም ስር ከተገተረ፣ ራስ ካዞረና ከጣለ፣ ልብ ዙሪያ ውሃ ሞልቶ ልብን እየጨቆነ ሊሆን ይችላል፣ በመርፌ መቀዳት አለበት፣ ሳትዘገዩ ባገኛችሁት መኪና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ህክምናውን ከጨረሳችሁ ወራት በኋላም ቢሆን እግርና ሆድ ማበጥ ከጀመረ ሽፋኑ ጠንክሮ ልብን አንቆ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ተመልሳችሁ ኢኮ ተነሱ።