ተለዋዋጩን ትዝታ በረቂቅ ሥዕል መፈተሽ

ትዝታን ከተቀመጠበት አውጥተን እንደምናየው ፎቶግራፍ መቁጠር ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ባስታወስን ቁጥር ያለፈውን እንደ አዲስ እንገነባዋለን። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ያነበቡትን እንግዳ ተረት ደጋግመው ሲተርኩት ታሪኩ እያጠረና ከሚያውቁት ዓለም ጋር እየተመሳሰለ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ታንኳዋ ሳትቀር ጀልባ ሆናለች። በቅይጥ ቁስ፣ ማለትም ወረቀትን፣ ቀለምንና ፎቶግራፍን በማጣመር፣ የሚሠራ ሥዕል ይህንን ለውጥ በንብርብሮቹ ሊይዝ ይችላል።

ሥራውን ከጽሑፍ ይጀምሩ። ሌላ ሰው አብሮዎት ያየውን ነገር ይምረጡና ፎቶግራፍ ሳይመለከቱ በስስ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ወረቀቱን አስቀምጠው ከሳምንት በኋላ እንደገና፣ ከሌላ ሳምንት በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ ይጻፉ፤ የቀደመውን ማየት ግን ሙከራውን ከንቱ ያደርገዋል። በመጨረሻ ያንን ሰው ይጠይቁ። እኔ የአያቴን ቤት በር አረንጓዴ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ እህቴ ሰማያዊ ነበር አለች፤ ሁለታችንም ፍጹም እርግጠኞች ነበርን።

የእንጨት ሰሌዳ ነጭ መነሻ ቀለም ቀብተው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሲደርቅ ግልጽ በሚሆን የአክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ቁስ) ማጣበቂያ ይለጥፉ። በደንብ ሲደርቅ ጽሑፉን በከፊል ብቻ የሚሸፍን፣ በውኃ የቀጠነ ቀለም ያልብሱትና ቀጣዮቹን ወረቀቶች በዚሁ መንገድ ይደርቡ። ከዚያ ጽሑፎቹ የማይስማሙበትን ቦታ በ220 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት በቀስታ ይፋቁ። የታችኛው ቃል በላይኛው መካከል ብቅ የሚለው እዚህ ላይ ነውና አይቸኩሉ። በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ ግልጽ አክሪሊክን እየደረበችና እየፋቀች የሠራቻቸውን ትልልቅ ሥዕሎች መመልከት ዓይንን ለዚህ ያሠለጥናል።

ፎቶግራፍ ካለዎት አሁን ያምጡት፤ ዋናውን ሳይነኩ በሌዘር ማተሚያ ቅጂ ያውጡ። ቅጂውን ሰሌዳው ላይ በቀቡት እርጥብ የአክሪሊክ ጄል (ወፍራም ግልጽ ቅብ) ላይ በፊቱ ደፍተው ያሳድሩት፤ በማግስቱ ጀርባውን አርጥበው ወረቀቱን በጣትዎ ያሹት። ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ፣ አንዳንድ ቦታም ተቦጫጭቆ ይቀራል፤ አይጠግኑት።

አለመግባባቱንም በቀለም ለማስታረቅ አይሞክሩ። አረንጓዴና ሰማያዊ ቢቀላቀሉ ማንም ያላየው በር ይወጣል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ይተዉአቸው። ሥራው ሲያልቅ ትዝታውን ዛሬ እንደሚያስታውሱት ከነቀኑ በሰሌዳው ጀርባ ላይ ይጻፉ፤ ከዓመት በኋላም ሰሌዳውን ከመገልበጥዎ በፊት በሌላ ወረቀት አንድ ጊዜ እንደገና ይጻፉት።