ሬጌ፣ ፈንክና ሶል የተቀላቀለበት መልእክት ያለው ሂፕሆፕ እንዴት ይሰራል?

ምንም ከመጀመራችሁ በፊት ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚየን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ያወጡትን «ዲስታንት ሪሌቲቭስ» የተባለ አልበም ስሙት። የመክፈቻው ዘፈን የተሰራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ተቆርጦ ነው። አንዴ ግጥሙን ስሙ፣ አንዴ ድራሙንና ቤዙን ብቻ።

የሙዚቃ መስሪያ ሶፍትዌሩ ነጻውም ይበቃል። ገንዘብ ካላችሁ ደህና ሄድፎን ግዙ። ቤዝ በላፕቶፕ ስፒከር አይሰማም፤ ቤዙን ሳይሰሙ ሬጌ መስራት ደግሞ አይቻልም። ፍጥነቱን ከ75 እስከ 85 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) አድርጉት።

አሁን ዋናው ጣጣ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ቁጠሩ። ሂፕሆፕ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) «አንድ» ላይ፣ ስኔሩን (በዱላ የሚመታውን ትንሹን ከበሮ) ሁለትና አራት ላይ ይመታል። ፈንክ ደግሞ ያለ «አንድ» አይሆንለትም፤ የፈንኩ ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ባንዱን በሙሉ «አንድ» ላይ አጥብቆ ያስመታ ነበር። ሬጌ ግን «አንድ»ን ባዶ ይተዋል። የቦብ ማርሊ ባንድ የዌይለርስ ድራመር ካርልተን ባሬት በሚታወቅበት «ዋን ድሮፕ» ኪኩና ስኔሩ አብረው ሁለትና አራት ላይ ይወድቃሉ። በእጥፍ የሚቆጥሩት ሦስት ላይ ነው ይላሉ፤ ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ስኔሩ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ «አንድ» ላይ ነው። ሁሉንም ከደራረባችሁት ጊታሩ ሬጌ ይላል፣ ሰውነት ግን አይወዛወዝም። መፍትሄው ተራ መስጠት ነው። ራፑ ላይ ኪኩ «አንድ» ላይ ይምታ፣ ቤዙም አብሮት ይግባ፤ ፈንኩ የሚመጣው ከዚያ ነው። አዝማቹ ሲደርስ ኪኩን ከ«አንድ» ላይ አንሱት፣ ቤዙም ትንሽ ዘግይቶ ይግባ። ጊታሩ በምቶቹ መሀል አጠር አጠር እያለ ይመታ። ከዚያ በጣም የከበደውን ቃል ባዶው ቦታ ላይ አሳርፉት። ድራሙ ዝም ባለበት «መሬቴ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲወድቅ አድማጭ ሳይወድ ጆሮውን ይሰጣል። እኔ ይህን ዓይነት ሙዚቃ የምወደው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ሶሉ ቀላል ነው። ኦርጋን፣ ማይነር ሰባተኛ ኮርድ፣ ከኋላ ሁለት ሦስት ተቀባይ።

ግጥሙ ላይ መፈክር አትደርድሩ። የቦብ ማርሊ «ዋር» (1976 እ.ኤ.አ.) ቃሉን የወሰደው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት ካደረጉት ንግግር ነው። ንግግሩ አንጎላን፣ ሞዛምቢክን፣ ደቡብ አፍሪካን በስም ይጠራል፤ ዘፈኑም እንደዚያው። «ግፍ ይቁም» ማንም ይላል። የቱ ሰፈር፣ የማን ቤት፣ ዳቦው ስንት ገባ? እሱን ጻፉ። ደግሞ «ሄዷል፣ መጥቷል፣ በልቷል» እያሉ ቤት መምታት ስንፍና ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ እንዲህ ያለው ቤት በነጻ ይገኛል። ዓረፍተ ነገሩን ገልብጡና በስም ምቱ።

የድሮ ዘፈን ሳምፕል ካደረጋችሁ (ከቀረጻው ቆርጣችሁ ከተጠቀማችሁ) ፈቃዱ ሁለት ነው፤ የድርሰቱና የቀረጻው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለቱንም ይጠብቃል። እኔን ካማከራችሁ ዜማውን በሙዚቀኛ እንደገና አስቀርጹት። ያኔ የሚቀራችሁ የድርሰቱ ፈቃድ ብቻ ነው።

ሚክሱ (ድምጾቹን ማመጣጠኑ) ሲያልቅ ዘፈኑን በስልክ ስፒከር ክፈቱት። ቃሉ ካልለየ መጀመሪያ ኦርጋኑንና ጊታሩን ቀንሱ፤ የራሳችሁን ድምጽ ለመጨመር አትቸኩሉ።