የተዛባ እንቅልፍን ወደ ቦታው መመለስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ

እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው በጊዜ መተኛትን ነው። ማታ 3 ሰዓት ጋደም ይላል፣ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይገላበጣል፣ የጎደለውን ለማካካስ ጠዋት ያረፍዳል። በማግስቱ እንቅልፉ ይብሱን ይሸሻል። እንቅልፍን ና ብሎ ማዘዝ አይቻልም፤ የሚነሱበትን ሰዓት ግን መያዝ ይቻላል። የተዛባው የሚቃናውም ከጠዋቱ ጫፍ ነው።

አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ፣ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥር ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለ። የእሱ ዙር በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልፍ በየቀኑ ካልታረመ እየዘገየ ይሄዳል። የሚያርመው የጠዋት ብርሃን ነው። ስለዚህ እሑድንም በዓልንም ጨምሮ አንድ የመነሻ ሰዓት ይምረጡ፤ 12 ተኩል ይሁን እንበል። ከተነሱ በኋላ ባለው 1 ሰዓት ውስጥ 30 ደቂቃ ደጅ ይቆዩ። በክረምት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ደሴ ብትጨልም እንኳ የደጁ ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማታ ደግሞ ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ከመተኛትዎ በፊት ባለው 1 ሰዓት ደማቁን አምፖል ያጥፉ፣ ስልኩን ከአልጋው ያርቁ።

ቀጥሎ ሂሳቡ ነው፤ ከባዱም ፍሬ ያለውም ይህ ነው። ለ7 ቀን አልጋ ላይ የቆዩበትንና በግምት የተኙበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡ። ከማታው 3 ተኩል እስከ ጠዋቱ 12 ተኩል አልጋ ላይ ከነበሩ 9 ሰዓት ነው። የተኙት 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ 67 በመቶ ይሆናል፤ ሲሶው በመገላበጥ አልፏል ማለት ነው። እንግዲህ ለአልጋው 6 ሰዓት ብቻ ይስጡት። መነሻው 12 ተኩል ስለሆነ መተኛው ሌሊት 6 ተኩል ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ቢያንገላጅዎትም አይተኙ። ከሳምንት በኋላ የእንቅልፉ ድርሻ ከ85 በመቶ ካለፈ መተኛውን 15 ደቂቃ ያስቀድሙ፤ ከ80 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ያዘግዩ፤ በመካከል ከሆነ አይንኩት። አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ግን ከ5 ሰዓት በታች አያውርዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀን ቀን በጣም ያደክማሉ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚሁ ላይ፣ ነገሩ ሊይዝ ሲል ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር፣ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድ ሕመምተኛ ያለ ሐኪም አይሞክረው።

ተኝተው እንቅልፍ ካልመጣ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይነሱ፤ ሰዓት ግን አይመልከቱ። በደብዛዛ ብርሃን በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። አንጎል አልጋን ከመጨነቅ ጋር ማያያዙን የሚተወው እንዲህ ነው። አንዱ አልጋ ሶፋም የእንግዳ መቀመጫም በሆነበት የኪራይ ክፍል ይህ ያስቸግራል። ቀን አልጋውን አንጥፈው በሌላ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ብርድ ልብሱ የሚዘረጋው ለመተኛት ብቻ ይሁን።

የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የ10 ሰዓቱ ቡና ግማሹ ማታ 3 ሰዓትም አለ ማለት ነው። ቡና ጠጡ ተብሎ መቅረት በወሎ ከባድ ነውና ይሂዱ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን አቦልና ቶናውን አሳልፈው ካልቀረ በረካዋን ብቻ ይቅመሱ። ጫት ሌላ ነው። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ የአምፌታሚን ዘመድ በመሆኑ ከሰዓት በርጫ ለሚቀመጥ ሰው ከላይ ያለው ሂሳብ አይሠራለትም። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ መጠጣትም ያታልላል፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛና በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይቀሰቅሳል።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስሌቱ ይገለበጥበታል። ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ ቡናውን በፈረቃው መጀመሪያ ጠጥተው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ይተዉት። ወደ ቤት ሲመለሱ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ የጠዋቱ ፀሐይ ለሰውነትዎ «ነግቷል» እያለ ይቀሰቅሰዋል። ሞተር የሚነዱ ከሆነ ግን መነጽሩ ይቅር፤ ድብታ ካለ ጭራሽ አይንዱ። ቤት ሲደርሱ ሌላ ሥራ ሳይነኩ 1 ሰዓት ላይ ይተኙ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ረፋዱ ላይ ክፍሉን ማጋል ስለሚጀምር ጥሩው እንቅልፍ ከዚያ በፊት ያለው ነው። መስኮቱን በድርብ ጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ፣ የሚተኙበትን ሰዓት ለጎረቤት ይንገሩ። የተኙት በድምሩ 4 ወይም 5 ሰዓት ብቻ ከሆነ ማታ ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ቀሪውን ይሙሉት። ፈረቃ ሲለዋወጥ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ቢዞር ይቀላል፤ የውስጡ ሰዓት መዘግየት እንጂ መቅደም አይወድም። ፈረቃ የሚደለድለውን ኃላፊ ይህንኑ ይጠይቁ።

በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ እግር እንቅልፍን ያዘገያል፤ ሰውነት ለመተኛት በእጅና በእግር በኩል ሙቀት ማውጣት አለበትና። ከመተኛትዎ 1 ሰዓት በፊት እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉ፣ ካልሲ ያድርጉ። የከሰል ምድጃ ግን መኝታ ክፍል ውስጥ በፍጹም አያሳድሩ፤ ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ከቀጠለ ሐኪም ያማክሩ። ሲያንኮራፉ ትንፋሽ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ማታ እግርዎን አንቀሳቅስ አንቀሳቅስ የሚልዎት ከሆነ (የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል)፣ ወይም ሕይወት ካስጠላዎት ወሩን አይጠብቁ። ዲያዜፓም የተባለውን የሚያረጋጋ ኪኒን ከሰው ተቀብለው አይዋጡ፤ በጥቂት ሳምንታት ያለምዳል። ለምደው ከሆነም በአንድ ቀን አያቁሙት፤ መጠኑን ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎት።