በቤተሰብ በኩል ወደ አሜሪካ፦ ጎንደር ላይ አስቀድሞ ማለቅ ያለበት ሥራ

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ «ፕሮሰስ ልጀምርላችሁ ነው» ብሎ ሲደውል ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጠሪው ዜጋ ነው ወይስ ባለ ግሪን ካርድ፣ ተጠሪውስ ምኑ ነው የሚለው መታወቅ አለበት፤ የሚጠበቀውን ዓመት የሚወስነው እርሱ ነውና።

ጠሪው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ለባሉ ወይም ለሚስቱ፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ያላገቡ ልጆቹ፣ ራሱ 21 ዓመት ሞልቶት ከሆነም ለእናትና ለአባቱ የሚሰጠው ቪዛ የዓመት ኮታ የለበትም። 21 ዓመት የሞላቸው ልጆች፣ ያገቡ ልጆችና ወንድም እህቶች ግን በዓመታዊ ኮታ ወረፋ ይይዛሉ፤ የወንድምና የእህት ወረፋ ከ15 ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ በመሆኑ እርሱን ተማምኖ ሥራ መተው ወይም ቤት መሸጥ አይመከርም። ባለ ግሪን ካርድ መጥራት የሚችለው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጇ ግሪን ካርድ ያገኘችላት የአዘዞ እናት ልጇ ዜግነት እስክትወስድ መጠበቅ ይኖርባታል። አያት፣ አክስት፣ አጎትና የአጎት ልጅ በዚህ ሕግ ውስጥ ምንም ቦታ የላቸውም። «እንደ ልጄ ያሳደግኋት የእህቴ ልጅ» የሚባለውም ቢሆን፣ ልጅቷ 16 ዓመት ሳይሞላት በሕግ የተፈጸመ ጉዲፈቻና ቢያንስ የሁለት ዓመት አብሮ መኖር ከሌለ ተቀባይነት የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዜጋ የሆነ ልጅ እናቱን ሲጠራ ትንሹ ወንድሙ በእናቱ ፋይል ተጠግቶ መሄድ አይችልም፤ ለአባትም ለእናትም የየራሳቸው ማመልከቻ ይገባል፣ ትንሹ ልጅ ግን ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። ሁለተኛው ሠርግ ነው። በባለ ግሪን ካርድ ወላጅ የተጠራ ልጅ ወላጁ ዜጋ ሳይሆን ካገባ ማመልከቻው በዚያው ቀን ይወድቃል፤ በኋላ መፋታትም አያድነውም። በጥር ወር የሽማግሌ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዝምድናው እንደሚፈቅድ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው ሥራ የስምና የቀን ሥራ ነው። እንደ እኔ ግምት ከቅጹም ከቃለ መጠይቁም ይልቅ የጎንደርን ሰው የሚያንከራትተው ይኸው ነው። አንዲት እናት በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በመታወቂያዋ ጥሩወርቅ፣ በልጇ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ደግሞ ጥሩ ብቻ ተብላ ልትገኝ ትችላለች። እኛ ሁሉም አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ፋይሉን የሚያየው መኮንን ግን የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ፓስፖርትን፣ የቀበሌ መታወቂያን፣ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀትን፣ የክርስትና ካርድንና የትምህርት ማስረጃን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ፊደል በፊደል ማመሳከር ይገባል። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ ስለሚጻፍ፣ ትርጉም ሲሠራም ሆነ ቅጽ ሲሞላ ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ብቻ ይወሰድ። ያገባች ሴት በእኛ ዘንድ የባሏን ስም ስለማትይዝ፣ ጠሪው «እዚህ እንደዚያ ነው» ብሎ የራሱን አያት ስም በሚስቱ ስም ላይ እንዳይጨምር ይነገረው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ሳይሆን የስም ከሆነ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማስወሰን ወይም በመዝገቡ ላይ ማሳረም ፋይሉ ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ቀኑ ከስሙ አይተናነስም። በ1970 ዓ.ም. ጥር 11 ቀን፣ ማለትም በጥምቀት ዕለት የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 19 ቀን 1978 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት መደመሩ እየተረሳ በሁሉም ወር ላይ ሰባት ሲደመር ሰውየው በ1977 የተወለደ ሆኖ ይመዘገባል። (ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ድንበሩ በአንድ ቀን ይገፋል፤ ለዚህ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይሻላል።) በዚህ ላይ አሜሪካውያን ወሩን ከቀኑ አስቀድመው ስለሚጽፉ 05/09 ሜይ 9 እንጂ ሴፕቴምበር 5 አይደለም። ልጁ 21 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ከሆነ የአንድ ዓመት ስሕተት ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሊወረውረው ይችላል።

ሌላው ተደብቆ የሚቆይ ችግር ያለው በጠሪው የድሮ ፋይል ውስጥ ነው። ጠሪው በዲቪም ሆነ በስደተኝነት ሲገባ በሞላው ቅጽ ላይ ያልጠቀሰውን ልጅ ወይም ሚስት ዛሬ ቢጠራ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ያኔ ለምን አልተጠቀሱም የሚል ነው። ስለዚህ ጠሪው የቀድሞ ማመልከቻውን ቅጂ አግኝቶ ቤተሰቡ ከሚያቀርበው ጋር ያመሳክር።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የምስክር ወረቀቱን የሚያወጣው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ብቻውን እናትነትን ወይም አባትነትን ላያሳምን ይችላል። የደብሩ የክርስትና መዝገብ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ካርድ፣ የክትባት ካርድና የቆዩ ፎቶዎች አብረው ይቅረቡ። እነዚህም ካላሳመኑ ኤምባሲው የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠቁም ይችላል፤ ይህን ኤምባሲው ሳይጠይቅ በግል ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው፤ ናሙናው ተቀባይነት ባለው ሥርዓት ካልተወሰደ ውጤቱ አይቆጠርምና። በጋብቻ ጉዳይ ደግሞ የሠርግ አልበም ብቻውን አይበቃም። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን ቃል ኪዳን ማስመዝገብ፣ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝን፣ የስልክ ልውውጥን፣ ባልየው ሲመላለስ የቆረጠውን ትኬት ማስቀመጥ ይገባል። በአማርኛ ያለው ሰነድ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተርጓሚው ቋንቋውን እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ጠሪው አሜሪካ ውስጥ አይ-130 የተባለውን ቅጽ ያስገባል፤ ቅጹ የደረሰበት ቀን የወረፋ ቀን ሆኖ ይመዘገባል፤ በወረፋ ምድብ ያለ ሰው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ በሚያወጣው የቪዛ ቡለቲን ላይ ይህን ቀን ይከታተላል። ከተፈቀደ በኋላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል ይሄዳል፤ የቪዛ ክፍያው ይከፈላል፣ ተጠሪው ዲኤስ-260 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፣ ሰነዶቹ በኢንተርኔት ይጫናሉ። ማዕከሉ የሚጽፈው በኢሜይል በመሆኑ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ የከፈተውንና የይለፍ ቃሉን እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ኢሜይል መጠቀም አደጋ ነው፤ ቪዛ መጠየቅ እንደሚቻል ከተነገረ በኋላ አንድ ዓመት ምላሽ ያልሰጠ ሰው ፋይሉ ሊዘጋበት ይችላል።

ስፖንሰርነቱ አይ-864 በተባለው ቅጽ ይፈረማል። የጠሪው ገቢ፣ ተጠሪዎቹ ተጨምረው በሚቆጠረው የቤተሰብ ቁጥር ልክ፣ የአሜሪካ መንግሥት ካወጣው የድህነት ወለል 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ አሜሪካ የሚኖር ሌላ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ አብሮ ይፈርማል። ፈራሚውን በይሉኝታ መያዝ ተገቢ አይደለም፤ ግዴታው ተጠሪው ዜጋ እስኪሆን ወይም የ40 ሩብ ዓመት (የአሥር ዓመት ያህል) ሥራ እስኪቆጠርለት ይዘልቃል፣ በፍቺም አይቀርም።

ቃለ መጠይቁ የሚደረገው አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሲሆን፣ የሕክምና ምርመራውም ኤምባሲው በሰየመው ሐኪም ብቻ ይሠራል። 16 ዓመት ከሞላው ጀምሮ የፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠየቃል። ከጎንደር የሚሄድ ሰው በተለይ ሕክምናውን አስቦ ይነሣ፤ የደረት ራጁ ሳንባ ነቀርሳ ካስጠረጠረ የአክታው ካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራ) ውጤት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚወስድ፣ ማረፊያ ዘመድ ሳያዘጋጁ በቀጠሮው ዋዜማ መድረስ አያዋጣም። በቃለ መጠይቁ ላይ የማያውቁትን አላውቀውም ማለት የደላላ ጥናት ከማነብነብ ይሻላል። ቪዛው ተሰጥቶ በእጅ ሳይገባ ንብረት አይሸጥ፤ የአሜሪካ መንግሥት ቃለ መጠይቅ ካለፈም በኋላ የቪዛ አሰጣጥን በአዋጅ ሊያቆም ይችላልና፣ የኤምባሲውን ማስታወቂያ በየጊዜው መመልከት ያሻል።

አሜሪካ ሲገቡ ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ይህን ገደብ ለማስነሣት አይ-751 የተባለው ቅጽ ይገባል። ዜግነት የሚጠየቀው ኤን-400 በተባለው ቅጽ ሲሆን፣ በጠቅላላው ከአምስት ዓመት ነዋሪነት በኋላ፣ ከዜጋ የትዳር ጓደኛ ጋር አብሮ ለሚኖር ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ማመልከቻውን 90 ቀን አስቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል። ለጠበልና ለለቅሶ እየተባለ ጎንደር ላይ ከስድስት ወር በላይ መቆየት ቆጠራውን ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል፤ ዓመት ከሞላ ይቆርጠዋል። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት በሚሰጠው የዜግነት ፈተና ከ128 ጥያቄዎች 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ዕድሜው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው በአማርኛ በአስተርጓሚ ይፈተናል።

የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያወጣ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል፤ በምርጫ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም።