ሪኳየር መደርደር ቀረ፦ የፒኤችፒ ክላሶች በራሳቸው እንዲጫኑ እንዴት እናድርግ?

አንድ የፒኤችፒ ፋይል ከፍቼ ከላይ ሃያ መስመር ሪኳየር (ሌላ ፋይል ጫን የሚል ትእዛዝ) ተደርድሮ ሳይ፣ የጻፈው ሰው በምን እንደሚቸገር ወዲያው ይገባኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የምሠራው። አዲስ ክላስ በጻፍኩ ቁጥር የሚጠቀሙበትን ፋይሎች ሁሉ እየዞርኩ አንድ አንድ መስመር እጨምር ነበር። አንዱን ከረሳሁ ገጹ ቀጥ ይላል። ሁለት ጊዜ ከጫንኩት ደግሞ ፒኤችፒ ይህ ክላስ ቀድሞ ታውጇል ብሎ ይቆማል። ልጁ ክላስ ከወላጁ በፊት ከተጫነም ሌላ ጣጣ አለ።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው አውቶሎድ ነው። ከባድ ነገር አይደለም። ግን አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ እዚያ ስንደርስ ረጋ ብለን እናየዋለን። የፋንክሽንና የፎልደር ስሞችን እዚህ እንደሚነበቡት እጽፋቸዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ ግን የሚገባው የተለመደው የእንግሊዝኛ ስማቸው ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን

ፒኤችፒ ኮዳችሁን እያስኬደ ሳለ የማያውቀው ክላስ ሲገጥመው ወዲያው አይሞትም። "ይህን ክላስ የሚያመጣልኝ አለ?" እንደማለት፣ ቀድመው የተመዘገቡለትን ፋንክሽኖች በተራ ይጠራል። የሚሰጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክላሱን ሙሉ ስም። ፋንክሽኑ ስሙን ወደ ፋይል አድራሻ ይቀይርና ፋይሉን ይጭናል። ክላሱ ከተገኘ ሥራው ይቀጥላል። ሁሉም ተጠርተው ካልተገኘ፣ ስህተቱ የሚወጣው ያኔ ነው።

በቃ፣ አውቶሎድ ማለት ስምን ወደ አድራሻ መቀየር ነው። ይህቺን ከያዛችሁ ቀሪው ሁሉ ከእሷ ይመጣል።

ፋይሎቹን አስተካክሉ

አንድ ክላስ፣ አንድ ፋይል። የፋይሉ ስም ከክላሱ ስም ጋር አንድ ይሁን። ክላሶቹን በሙሉ ኤስአርሲ የሚባል ፎልደር ውስጥ አስገቧቸው፤ ኔምስፔሱም (ከክላሱ ስም በፊት የሚመጣው የቡድን ስም) የፎልደሩን መንገድ ይከተል። ለምሳሌ አፕ\ሞዴልስ\ዩዘር የተባለው ክላስ ቦታው ኤስአርሲ/ሞዴልስ/ዩዘር ነው፤ መጨረሻው ላይ ዶት ፒኤችፒ ይጨመርበታል። አፕ የሚለው መነሻ በኤስአርሲ ተተካ፣ የቀረው እንዳለ ሆነ። ይህ አደራደር ፒኤስአር-4 ይባላል፤ በ2013 የጸደቀ ስምምነት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ፒኤስአር-0 በ2014 ተሽሯል። የቆየ ፕሮጀክት ካልወረሳችሁ በስተቀር አትጨነቁበት።

አንዴ በእጃችሁ ጻፉት

አውቶሎድን የሚያዘጋጅልን ኮምፖዘር የሚባል መሣሪያ እያለ በእጅ መጻፍ ለምን? ምክንያቱም ነገሩ የሚበላሽበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ውስጡን አይቶ የሚያውቅ ሰው በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል፤ የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ይዳክራል። ኮዱ ደግሞ ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ኤስፒኤል አውቶሎድ ሬጂስተር የሚባለውን ፋንክሽን ጥሩና ስም የሌለው ፋንክሽን ስጡት። የምትሰጡት ፋንክሽን የክላሱን ስም ይቀበላል። መጀመሪያ ስሙ በአፕ\ የሚጀምር መሆኑን ያያል፤ ካልሆነ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። ከሆነ መነሻውን ይቆርጠዋል፣ የቀሩትን ባክስላሾች በተራው ስላሽ ይተካል፣ ከፊቱ የኤስአርሲን አድራሻ ከኋላው ዶት ፒኤችፒን ይቀጥልበታል። ፋይሉ ካለ ይጭነዋል።

ፋይሉ ከሌለስ? ዝም ብሎ ይመለስ። እዚህ ላይ ስህተት መወርወር ወይም ፕሮግራሙን ማቆም ያምራችሁ ይሆናል፤ አታድርጉት። ከእናንተ ፋንክሽን ኋላ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሊኖር ይችላል። ክላሱን የሚያውቀው እሱ ከሆነ ዕድሉን ነፈጋችሁት ማለት ነው። ክላሱ መኖሩን ብቻ የሚጠይቅ ኮድም አለ፤ ክላስ ኤግዚስትስ የሚለው ፋንክሽን እንዲያ ነው። የለም የሚል መልስ ሲጠብቅ ፕሮግራሙን ትገድሉበታላችሁ።

የኤስአርሲን አድራሻ ስትጽፉ ደግሞ በሁለት በሁለት አንደርስኮር መሃል የሚገባውን ዲር ተጠቀሙ። እሱ ኮዱ የተጻፈበትን ፎልደር ነው የሚነግራችሁ። በእሱ ፋንታ ባዶውን ኤስአርሲ/ ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ፒኤችፒ የሚፈልገው ፕሮግራሙ ከተነሳበት ቦታ ነው። በብራውዘር ሲከፈት ይሠራል፤ ያንኑ ኮድ በክሮን፣ ማለትም ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ስታስነሱት ፋይሉ ጠፋ ይላል።

ፍለጋ ስትገቡ በሁለት አንደርስኮር የሚጀምር አውቶሎድ የተባለ ፋንክሽን የሚያስተምሩ የቆዩ ጽሑፎች ታገኛላችሁ። ጊዜያችሁን አታባክኑ። በፒኤችፒ 7.2 ተጠቃሚዎቹ እንዲተዉት ተነገረ፣ በ8.0 ጭራሹን ወጣ።

ወደ ኮምፖዘር

በእጅ የተጻፈው ለመማር ነው፤ ለእውነተኛ ሥራ ኮምፖዘርን ተጠቀሙ። ከሌሎች የምታመጧቸውን ላይብረሪዎችም አብሮ ይጭንላችኋል። በእኔ እምነት፣ ምንም ላይብረሪ የሌለው ትንሽ ፕሮጀክት ሳይቀር ኮምፖዘር ቢኖረው ይሻላል።

በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ ባለው ኮምፖዘር ዶት ጄሰን ላይ አውቶሎድ የሚል ክፍል ክፈቱ፤ በውስጡ ፒኤስአር-4፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ መነሻውንና ፎልደሩን አገናኙ፤ አፕ\\ ወደ ኤስአርሲ/። ባክስላሹ ሁለት የሆነው በስህተት አይደለም። ጄሰን በሚባለው የፋይል አጻጻፍ ውስጥ አንድ ባክስላሽ ለብቻው ሌላ ትርጉም ስላለው ነው። መጨረሻው ላይ መቅረትም የለበትም፤ ካስቀራችሁት ኮምፖዘር አይቀበላችሁም።

ከዚያ ተርሚናል ላይ ኮምፖዘር ደምፕ-አውቶሎድ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ቬንደር የሚባለው ፎልደር ውስጥ አውቶሎድ ዶት ፒኤችፒ የሚባል ፋይል ይፈጠራል። እሱን በፕሮግራሙ መግቢያ ፋይል ላይ አንድ ጊዜ ሪኳየር አድርጉ። የመጨረሻው ሪኳየራችሁ ይሄ ነው።

ትእዛዙን የምትደግሙት ኮምፖዘር ዶት ጄሰንን ስትነኩ ነው። ኤስአርሲ ውስጥ አዲስ ክላስ ስትጨምሩ አያስፈልግም፤ አድራሻው ከስሙ ይወጣልና።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ፦ ትልቅና ትንሽ ፊደል

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ዓይናችን ለዚህ ነገር ብዙም አይነቃም። አውቶሎድ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የምሠራው ዊንዶውስ ላይ ነበር። ሞዴልስ የሚለውን ፎልደር መጀመሪያ በትንሽ ፊደል ነበር የፈጠርኩት። በኋላ ኔምስፔሱን በትልቅ ፊደል ስጽፈው ፎልደሩንም በትልቅ ቀየርኩት። እኔ ጋ ሁሉም ነገር ሠራ። ማታ ላይ ሰርቨር ላይ ጫንኩት፤ "ክላስ ኖት ፋውንድ"። ደምፕ-አውቶሎድ ደጋገምኩ። ቬንደርን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። የፋይል ፈቃዶቹን ቀየርኩ። ምንም። ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የፎልደሮቹን ዝርዝር ሰርቨሩ ላይ ያየሁት። ሞዴልስ አሁንም በትንሽ ፊደል ነበር።

ሁለት ነገር ነው የተደራረበብኝ። አንደኛ፣ ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አቀማመጣቸው የፋይል ስም ሲፈልጉ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለዩም። ሊኑክስ ይለያል፤ አብዛኛው ሰርቨር ደግሞ ሊኑክስ ነው። ፒኤችፒ ራሱ የክላስ ስም ላይ ይህን ልዩነት ስለማይቆጥር ችግሩ ይበልጥ ይደበቃል። የክላሱን ስም በተሳሳተ ፊደል ብትጽፉትም፣ ፋይሉ ቀድሞ ተጭኖ ከነበረ ይሠራል፤ ካልተጫነ ሊኑክስ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ስህተት ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ፊደሎቹን ተጠራጠሩ።

ሁለተኛው ጊት ነው፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ጊት የፊደል መጠን ለውጥን ችላ እንዲል ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ፎልደሩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ስቀይረው ለጊት ምንም አልተቀየረም። ስለዚህ ወደ ሰርቨሩ የሄደው የድሮው ስም ነው። መፍትሔው በጊት ኤምቪ ትእዛዝ በሁለት እርምጃ መቀየር ነው። መጀመሪያ ጭራሽ ወደ ሌላ ጊዜያዊ ስም፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው። ይህን ካደረግኩ በኋላ ሰርቨሩ ወዲያው ሠራ።

ከዚያ በፊት ግን የሠራሁት ሌላ ጥፋት አለ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ሲጨንቀኝ ሰርቨሩ ላይ ገብቼ አንዲት ሪኳየር በእጅ ጨመርኩና ገጹ ተነሳ። እፎይ ብዬ ተኛሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ኮድ ስጭን ያቺ መስመር ተደመሰሰች፤ ገጹ ሰው እየተጠቀመበት ሳለ ወደቀ። ሰርቨር ላይ በእጅ የተለጠፈ ነገር መፍትሔ አይደለም። ምክንያቱ እስኪገኝ ታገሱ።

የስምና የቦታ አለመግጠምን ሰርቨር ላይ ሳይደርስ ለመያዝ ደምፕ-አውቶሎድን ከሰረዝ ኦ ጋር አስኬዱት። ኮምፖዘር 2 ከሆነ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያየ፣ ስሙና ቦታው የማይገጥመውን ክላስ ከፒኤስአር-4 ጋር አይስማማም ብሎ በስም ይነግራችኋል። እኔ ኮድ ከመላኬ በፊት ሁልጊዜ አስኬደዋለሁ። በእጅ የጻፋችሁት ከሆነ ደግሞ ፋንክሽኑ የሚሠራውን አድራሻ ስክሪን ላይ አትሙትና ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት።

ሌላ ደግሞ፣ ከፋይሉ አናት ያለው ዩዝ የሚለው መስመር ምንም ፋይል አይጭንም፤ ስም ማሳጠሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ዩዝ ዝም ብሎ ያልፍና ስህተቱ የሚወጣው ታች፣ ክላሱ የተጠራበት መስመር ላይ ነው። መስመር ቁጥሩን አይታችሁ እዚያ ብቻ አትፈልጉ።

ደንቡን የማይከተል ኮድ ካለ

ኔምስፔስ የሌላቸው የቆዩ ክላሶች ካሏችሁ ክላስማፕ በሚለው ክፍል ፎልደራቸውን ጻፉ። ኮምፖዘር ፋይሎቹን ፈትሾ የትኛው ክላስ የት እንዳለ ይመዘግባል። እዚህ ግን አዲስ ክላስ በጨመራችሁ ቁጥር ትእዛዙን መድገም አለባችሁ። ፋንክሽኖች ብቻቸውን በአውቶሎድ አይጫኑም፤ የያዟቸውን ፋይሎች ፋይልስ በሚለው ክፍል ዘርዝሩ። እነዚህ ፋይሎች ቢያስፈልጉም ባያስፈልጉም በእያንዳንዱ ጥሪ ስለሚጫኑ ዝርዝሩ አጭር ይሁን።

የሙከራ ክላሶችን አውቶሎድ-ዴቭ ውስጥ አስገቡ፤ ሰርቨሩ ላይ ኖ-ዴቭ ብላችሁ ስትጭኑ ይቀራሉ።

ሰርቨር ላይ

እዚህም ሰረዝ ኦን ተጠቀሙ። ኮምፖዘር አድራሻዎቹን ቀድሞ ስለሚመዘግብ በየጊዜው ዲስክ ላይ አይፈልግም። ሰረዝ ኤ ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል፤ ያልተመዘገበ ክላስ ካለ ፈጽሞ አይፈለግም። ፕሮግራማችሁ እየሄደ ሳለ አዳዲስ የክላስ ፋይሎችን የሚፈጥር ከሆነ ሰረዝ ኤን አትንኩት። በምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ግን ከመላክ በፊት ካለው ፍተሻ ባሻገር ሁለቱንም እንደበሩ አትተዉ፤ ፋይል ስታዛውሩ የድሮው አድራሻ ተመዝግቦ ይቆይና ያደናግራችኋል።

የድሮዎቹን ሪኳየሮች ማንሳት

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሰርዙ። አንዱን ፋይል አጽዱ፣ አስኬዱ፣ ወደ ጊት አስገቡ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እየሰረዛችሁ ሳለ ግን ፋይሉ በእርግጥ ክላስ የያዘ መሆኑን እዩ። የዳታቤዝ መረጃ የያዘና አሬይ የሚመልስ ፋይል፣ ወይም ኮንስታንት ብቻ የሚያውጅ ፋይል በአውቶሎድ አይመጣም። የእነሱ ሪኳየር ባለበት ይቆይ።